የሰሜን ሸዋ ፋሲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን፤ ሁዳዴ ሲጋመስ ዘመድ ጓደኛው እየደወለ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ፋሲካ ለምን በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል?

እንደ ጥምቀት ጥር 11 ላይ የተተከለ በዓል ስላልሆነ ነው። ቀኑ የሚወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ ፀሐይንና ጨረቃን አስታርቆ በሚቆጥር የቤተ ክርስቲያን ስሌት። ሁልጊዜ እሑድ ነው። ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለና ከአርበኞች ቀን ጋር ገጠመ። በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር፤ ያን ዓመት ከፈረንጆቹ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ስለዋለ ውጭ አገር ያለችው እህቴ «ዘንድሮ እንኳ አብረን በላን» አለችኝ። በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24 ነው።

ለደገኛ የቀኑ መቅደምና መዘግየት ተራ ነገር አይደለም። የእኛ አገር በልግ አብቃይ ነው። ፋሲካ ዘግይቶ ሲመጣ በልጉ ሰምሮ ከሆነ የገብሱ ማሳ ለምልሞ ይቆያል፣ ለቄጤማውም መስኩ ርጥብ ነው። በልግ የቀረበት ዓመት ግን በጉም ከሲታ ነው፣ የሰዉም ፊት እንደዚያው።

ጾሙ 40 ነው ወይስ 55?

55 ቀን ነው። አርባው ጌታ የጾመው ነው። ከፊቱ ዘወረደ የሚባለው ሳምንት አለ፣ ጾመ ሕርቃልም ይሉታል። ከኋላው ሕማማት አለ። ሰባት፣ አርባና ስምንት ብላችሁ ደምሩት። አያቴ ካላንደር አታውቅም ነበር፤ ሳምንቱን በስሙ ነበር የምትጠራው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ደብረ ዘይት ሲደርስ ጾሙ እኩል ሆነ ማለት ነው፤ የጌሾና የበርበሬ ወሬ የሚነሣው ያኔ ነው።

በእነዚህ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል አታሰማም። ለዚህ ነው የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ሽማግሌ ሁሉ የሚያለቅሰው። ለሁለት ወር ያህል ዝም ብሎ የነበረ ነገር ነው ድንገት የሚናገረው።

በሕማማት ለምን አይጨባበጡም፣ አይሳሳሙም?

ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ስለሆነ ነው። በዚያ ሳምንት መስቀል መሳለም የለም፣ ክርስትና ማንሣት የለም፣ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ፍትሐቱ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። አንድ ዓመት የአዲስ አበባው የአጎቴ ልጅ ሐሙስ ዕለት ከመኪና ወርዶ አክስቴን ሊስም ተንደረደረ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ቆይ ልጄ፣ እሑድ እስክትጠግብ ትስመኛለህ» አለችው። ልጁ ተቀየመችኝ ብሎ ሲብሰለሰል አመሸ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፣ ከታች ላለውም ሁሉ ይጠቅመናል። ይሄ ሥርዓት ነው፤ የትም ብትሄዱ አንድ ነው። ምን ይታረዳል፣ ማን ቤት ይኬዳል፣ በምን ይገደፋል የሚለው ግን ልማድ ነው፤ ከቤት ቤት ይለያያል። ስልኬ ላይ የሚመጣው ጭቅጭቅ ግማሹ ሁለቱን ከመቀላቀል የሚመጣ ነው።

ጉልባን ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?

የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ነው። የባቄላ ክክና የተፈተገ ስንዴ አንድ ላይ ይቀቀላል፤ በቃ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ተቻኩለው ሊጥ ለማቡካት ጊዜ ስላጡ ንፍሮ ቀቅለው የበሉበትን ጊዜ ያስታውሳል ይባላል። ጨው በዛ ይደረግበታል፤ የሚያስጠማ ነውና የጌታን ጥም እንድናስብበት ነው።

ስንዴው ከባቄላው ቀድሞ ይግባ፣ አለዚያ ባቄላው ገንፎ ሆኖ ስንዴው ጥሬውን ይቀራል። ከተማ ውስጥ ሽንኩርትና ዘይት የሚያቁላሉበት አሉ። እናቴ ፊት ይህንን ብናገር «ታዲያ ምኑን ሐዘን ሆነው?» ትላለች። እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፣ ይጣፍጣል።

ስቅለት ቀን ልጆች ይዤ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ችግር አለው?

የለውም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስግደት ነው፣ ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ይበዛል። ትንንሾቹን ወደ ማታ አምጧቸው። ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባችንን ቸብ ቸብ ያደርጉና ሌላ ስግደት ያዝዙናል። ልጆች ይህንን ሲያዩ ይስቃሉ፣ ማንም አይቆጣቸውም። የሚችሉ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ያከፍላሉ፤ አክፍሎት የሚባለው ይሄ ነው። ስኳር ወይም ጨጓራ ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ሳይማከር አይሞክረው።

ቅዳሜ ዕለት ሰዉ ቄጤማ ራሱ ላይ የሚያስረው ለምንድን ነው?

ቀኑ ቅዳም ሥዑር ነው፣ የተሻረ ቅዳሜ፤ ከወትሮው ተለይቶ የሚጾም ቅዳሜ ስለሆነ ነው ስሙ። ጠዋት ካህናቱ ቄጤማውን ባርከው ያድላሉ። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ በአፏ ይዛው የመጣችው ለምለም ቅጠል ምሳሌ ነው። ከዚያ ዲያቆናቱ ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ። በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ትንሣኤውንም ገለጠ ማለት ነው። የተቻላችሁን ስጧቸው። በሩን ዘግቶ የለሁም የሚል ጎረቤት አለኝ፤ እሱ እንኳ እሑድ ጠዋት ቄጤማውን አስሮ አይቼዋለሁ።

ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚገደፈው? በምንስ?

ቅዳሴው የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ሰዉ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» እያለ መልሶ፣ ጧፉን አጥፍቶ በጨለማው ወደ ቤቱ ይጎርፋል። ዶሮ ሲጮኽ ገበታ ይቀርባል። ቤት የቀሩት አዛውንትና ልጆችም ይቀሰቀሳሉ፤ ለብቻ አይገደፍም።

ሥርዓቱ እስከዚህ ነው፤ በምን ትገድፋላችሁ የሚለው ልማድ ነው። እኛ ቤት መጀመሪያ የተልባ ውሃ አንድ አንድ ስኒ፣ ከዚያ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ከዚያ ዶሮ። ባሌ የምንጃር ሰው ነው፤ እነሱ ቤት በቀጥታ ዶሮው ነው። አንድ ዓመት እኔም በቀጥታ ክትፎ ላይ ወደቅሁ። ከ55 ቀን ሽሮ በኋላ ማለት ነው። እሑዱን ሙሉ ከአልጋ ሳልወርድ ዋልኩ፤ እንግዳው ሲገባ ሲወጣ የምሰማው ድምፁን ብቻ ነበር። ጥሬ ሥጋውን ለሰኞ አቆዩት፣ አይሮጥም።

ዶሮው የግድ 12 ብልት መሆን አለበት?

የለበትም፣ ግን ሞክሩት። አሥራ ሁለቱን ከሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ሥርዓት አይደለም፤ የባልትና ኩራት ነው። ድሮ አንዲት ሙሽራ የምትፈተነው በዚህ ነበር። ፈረሰኛው ለአባወራ ነው፣ እንግዳ ከመጣ ለእንግዳ ይሄዳል። እንቁላሉም እንደ ብልቱ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ እንቁላል በሚወደድበት በፋሲካ ሳምንት ግን በቤተሰቡ ቁጥር የሚያደርግ ብዙ ነው፣ እኔን ጨምሮ።

የሚደወልልኝ ስልክ ዋናው ግን «ዶሮዬ አልበስል አለኝ» የሚል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መንዝ ደግሞ ከዚያም ከፍ የሚል ቦታ አለ። ስለዚህ ያው የሐበሻ ዶሮ ሸዋ ሮቢት ቶሎ ይበስላል፤ እዚህ ትጠብቁታላችሁ። እሳት ማብዛት ወጡን ያሳርራል እንጂ ሥጋውን አያበስልም። ቁሌቱን ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሩ። ለአንድ ዶሮ እኔ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ዘይት ሳይገባበት በራሱ ውሃ ይብሰል፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ቅቤው። ዶሮውን በሎሚና በጨው እስኪነጣ እጠቡት። ስንት ጊዜ? የአማቴ መልስ «ውሃው አንቺን እስኪያሳይሽ» ነው።

የመንዝ ፋሲካ ከምንጃሩ ወይም ከቀወቱ በምን ይለያል?

ይህችን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ ሦስቱንም ኖሬባቸዋለሁና። እናቴ መንዝ ናት፣ የአባቴ ወገኖች ቀወት ናቸው፣ አማቴ ምንጃር።

መንዝ የበግ አገር ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም ነው፤ ከጠጉሩ ባናና ዝተት ይሠራል። ለፋሲካ ሙክቱ ይወድቃል፣ ዱለቱ ጠዋት ይቀርባል፣ ቆዳው ይወጠራል፤ የሚጣል የለም። ጠላው የገብስ ነው። ብርዱ ስለሚያዘገየው ጥንስሱ ቀደም ብሎ ይጣላል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል። በመንዝ ፋሲካ የምትቀመጡት እሳት ዳር ነው፤ ሚያዝያ ነው ብላችሁ በስስ ነጠላ እንዳትመጡ፣ ጋቢ ያዙ። አረቄዋም ለመደሰቻ ብቻ አይደለችም።

ምንጃር የጤፍ አገር ነው። እንጀራው ነጭ፣ ዓይኑ የሞላ። የምንጃር አማቴ መንዝ መጥታ የገብስ እንጀራ ቀርቦላት «ይሄ እንግዲህ ለጾሙ ነው?» ብላ ጠይቃለች። እናቴ እስካሁን አልረሳችውም። እዚያ በግ ለብቻ ከማረድ ይልቅ በሬ ለቅርጫ መጣል ይቀናቸዋል። ከወዲህ ደግሞ ጅሩ አለ፤ በየቤቱ ተቀልቦ የሚወጣው የጅሩ ሰንጋ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ ነው።

ቀወትና ይፋት ቆላ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ (ቆሎ ሳትገዙ አትለፉ) አየሩ ይለወጣል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። እዚያ የሚታረደው ፍየል ነው። ገበታው ውጭ፣ ጥላ ሥር ነው። ልጅ ሆኜ አንዱን ፋሲካ ቀወት አሳለፍኩና ለእናቴ «የእነሱ ፋሲካ በዓል አይመስልም፣ እሳት የለም» አልኳት። አሁን ሳስበው እነሱ ስለ እኛ ምን ይሉ ነበር? ጭስ ውስጥ ታፍነው የሚበሉ።

ትክክለኛው የቱ ነው ለሚለኝ፦ ቄጤማውና «ክርስቶስ ተንሥአ» በሦስቱም ቤት አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ የእናታችሁን ቤት ያዙ።

ቅርጫ መግባት እፈልጋለሁ፤ ሰፈሩን አላውቅም። እንዴት ይሆናል?

ጎረቤት ጠይቁ። ኒቆዲሞስ ሳምንት ላይ ሰብሳቢ አይጠፋም። ገንዘቡ ይዋጣል፣ በሬ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ይሄዳሉ። እሑድ ንጋት ላይ ይታረድና በመደብ ይከፋፈላል፤ ከየብልቱ ለእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፣ ዕጣውን ልጅ ቢያወጣው ይመረጣል። «የእኔ ሥጋ አጥንት በዛበት» ማለት ነውር ነው፤ ሁሉም በልቡ ይላታል።

አክፋይ ምንድን ነው? እኔም ይዤ መሄድ አለብኝ?

አክፋይ በፋሲካ ሰሞን ለክርስትና አባትና እናት፣ ለአማት፣ ለትልልቅ ዘመድ የሚወሰድ ስጦታ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ጠላ ወይ አረቄ፤ አቅም ያለው ሙክት ይጎትታል። አዲስ ሙሽሮች ከሆናችሁ ግን «አለብኝ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ። ይዛችሁ ሂዱ።

ዳቦው በኮባ የተጋገረ ቢሆን ይመረጣል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥታችሁ ከደብረ ብርሃን ዳቦ ቤት የምትገዙም አላችሁ፤ ማንም አይከሳችሁም። ኬክ ይዘው የሚመጡ ደግሞ በዝተዋል። አንድ የክርስትና አባት ኬኩን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ሲወጡ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያድሉት አይቻለሁ፤ እሳቸው የሚጠብቁት ዳቦውን ነበር። ቀኑ ካለፈባችሁ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ማለትም እስከ ተከታዩ እሑድ ጊዜ አላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የምትሄዱበት መንገድ ሰላም መሆኑን ዘመድ ጋ ደውላችሁ አጣሩ።

ሙስሊም ጎረቤቴን፣ ጴንጤ ወንድሜን እንዴት ልጋብዝ?

ይፋት ላይ ይሄ ጥያቄ አይነሣም፤ ሰዉ ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል። የሥጋው ነገር የታወቀ ነው፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን አይበላም። የአባቴ ቤት ዶሮ ለብቻው ይገዛና ሙስሊም ጎረቤት ራሱ ያርደዋል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። ይሄ ካልተመቻችሁ ዳቦ፣ ቡናና ለስላሳ ይበቃል። ዋናው መጥራቱ ነው። ለዒድ እነሱም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ጴንጤው ወንድማችሁ ሁዳዴን ባይጾምም ፋሲካን በዚያው ቀን ያከብራል። ገበታ ላይ «አንተ እንኳ ምን ጾመህ» የምትለዋን ቀልድ ተዉአት። እኛም ቤት ትነገር ነበር፤ አንድ ዓመት ታናሼ ጉርሻውን አስቀምጦ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ማንም አልደገማትም።

ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል? ሠርግስ?

እስከ በዓለ ሃምሳ፣ 50 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ሠርግ በሁዳዴ ስለማይደረግ ተጠራቅሞ የሚፈስሰው አሁን ነው። የሚያዝያ እሑዶች ላይ ሦስት ጥሪ ብትቀበሉ አትደነቁ። ግንቦት 1 ደግሞ ልደታ አለች፤ ጎረቤት ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ደጅ ወጥቶ አብሮ ይበላል። ፋሲካ በዘገየባቸው ዓመታት የዶሮው ሽታ ከቤት ሳይወጣ ልደታ ትደርሳለች።

ቤታችን ሐዘን አለ። ፋሲካን እንዴት እናሳልፈው?

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፣ ብዙዎቻችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምትጠይቁኝ። ቤተ ክርስቲያን ሐዘን አለባችሁና አትገድፉ አትልም። ትንሣኤ የሙታንም ተስፋ ነው፣ ጾሙ ይፈታል። አለማረድ፣ ጥቁር አለማውለቅ፣ ቄጤማ አለመጎዝጎዝ ልማድ ነው። ማንም እንዲህ ካላደረጋችሁ ሊላችሁ አይገባም።

አባቴ ያረፈ ዓመት እናቴ ምንም አላሰናዳችም። ዶሮ የለ፣ ጠላ የለ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። አንዷ ጎረቤት ወጥ በድስት፣ ሌላዋ እንጀራ በመሶብ፣ አንዷ ቄጤማ ታቅፋ ገባች። «እንኳን አደረሳችሁ» ያለ የለም፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ቄጤማ ያመጣችው ማንንም ሳትጠይቅ መሬት ላይ በተነችው። እናቴ ዝም አለች። በመጨረሻ አንድ እንቁላል አነሣች፣ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።

በእኛ ሰፈር የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። እነዚያ ድስቶችና ሳህኖች ታጥበው ሳምንቱን ሙሉ መደርደሪያው ላይ ቆዩ። የዳግማይ ትንሣኤ ቅዳሜ እናቴ ተነሥታ ሊጥ አቦካች። እሑድ ጠዋት በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ቁራሽ ዳቦ አድርጋ፣ እኔን አስከትላ፣ ቤት ለቤት ዞረች።